የደንገል ታንኳ ከመደርደሪያ ላይ

የፕላስቲክ መርከብ ሞዴል የሚሰበስቡ ሰዎች መዝገብ ደስ ይለኛል፤ አምራች፣ ልኬት፣ ዓመት በየረድፉ። ከሬቭል የከቲ ሳርክ ሞዴሎች የአንዷ ልኬት 1 ለ96 ነው፤ እውነተኛዋ ባለሸራ መርከብ ውኃ የነካችው የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በ1869 እ.ኤ.አ. ነው።

ጌጃ ሰፈር ተቀምጦ እንዲህ ያለ መዝገብ ለሚጀምር ሰው ግን የመጀመሪያውን ረድፍ ባሕር ዳር ለእንግዳ ለምትሸጠው ትንሽ ታንኳ ባስይዘው እወዳለሁ። ልኬት የላትም፤ አምራቿም አልተጻፈባትም። ነገር ግን ሐይቁ ላይ ከምትቀዘፈው ከትልቋ ታንኳ ጋር ቁሳቸው አንድ ነው፦ ደንገል፣ እስር በእስር ተጠፍሮ፣ አፍንጫው ቀና ብሎ። ፕላስቲክ ይህን ከየት ያመጣል? ትልቋ ውኃ እየጠጣች ቶሎ ታረጃለች፤ ትንሿ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ትቆያለች።

ደግሞም ደንገሉ ውቅያኖስ ያውቃል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በኢትዮጵያ ደንገል፣ በቦሊቪያ አይማራዎች እጅ ያሠራት ራ 2 በ1970 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ፣ ኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ናት።

ትንሿን ስትገዙ ዋጋ ብቻ አትከራከሩ፤ የሠሪውን ስም ጠይቁና «አምራች» በሚለው ዓምድ ጻፉት።