«መጋቢው» የተባለው መጽሐፍና የድኾች ገንዘብ

እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ በ1855 ዓመተ ምሕረት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ያሳተመው «መጋቢው» የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ ስለሚጠብቅ ካህን የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ሌባ የለም።

በ1434 ሃይረም የሚባል የበግ ጠጉር ነጋዴ ሲሞት፥ በዚሁ ሥራ ያረጁ ዐሥራ ሁለት ድኾች የሚጦሩበትን ቤትና መሬት፥ ለመጋቢያቸውም መተዳደሪያ በኑዛዜ ትቶ ነበር። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የመሬቱ ኪራይ እጅግ አደገ፤ ትርፉ ግን ወደ መጋቢው እንጂ ወደ ሽማግሌዎቹ አልወረደም። ቄስ ሃርዲንግ በዓመት 800 ፓውንድ ከነመኖሪያ ቤቱ ሲያገኙ፥ ለአንዱ ሽማግሌ በቀን የሚደርሰው 1 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ነበር።

ሃርዲንግ ደግ ሰው ናቸው። በተሾሙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ በቀን 2 ፔኒ ከኪሳቸው ጨመሩ፤ ይህም የራሳቸው ስጦታ እንጂ ከኑዛዜው ገንዘብ የወጣ አለመሆኑን ደጋግመው አስታወቁ። የመጽሐፉ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ በኑዛዜው የበለጠ የሚገባቸው ከሆነ፥ ስጦታ የተባለው ዕዳ ነበረ ማለት ነው። ዕዳውን እንደ ምጽዋት የሚቀበል ድኻ ደግሞ አመስግኖ ዝም ይላል፤ ሰጪውም ሒሳቡን የሚመረምርበት ምክንያት አያገኝም። (ደራሲው ጭማሪው በዓመት 62 ፓውንድ ከ11 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ይሆናል ይላል፤ ቢቈጠር ግን 36 ፓውንድ ተኩል ብቻ ነው። ስለ ሒሳብ በተጻፈ መጽሐፍ ይህ መገኘቱ ፈገግ ያሰኛል።)

ጆን ቦልድ የተባለ ወጣት ሐኪም ክስ አቀረበ፤ ጋዜጣም የመጋቢውን ስም አነሣ። አማቻቸው ሊቀ ዲያቆናት ግራንትሊ የሚያስበው ክሱን ስለ መርታት ብቻ ነው። ሃርዲንግ ግን እንቅልፍ አጥተው ወደ ለንደን ሄዱ፤ ታላቁን ጠበቃ ሰር አብርሃምን በሌሊት ያነጋገሩበት ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጣል። ጠበቃው ክሱ እንደ ተተወ ቢነግራቸው፥ የሌለ መሰንቆ እንደሚመታ ሰው እጃቸውን እያንቀሳቀሱ፥ ገንዘቡ በእውነት የራሳቸው እንደ ሆነ ጠየቁት። ልብ የሚያሳርፍ መልስ አላገኙምና ሹመታቸውን ለቀቁ።

ደራሲው የሚነቀፈው ከዚህ በኋላ ነው። በጋዜጠኞችና በዘመኑ ደራስያን ላይ ለማላገጥ ብዙ ገጽ ሰጥቷል፤ የሽማግሌዎቹን መብት ግን ሳይፈታ ትቶታል። ክሱ የቀረው ቦልድ የመጋቢውን ልጅ ስለ ወደደ እንጂ እውነቱ ስለ ተገለጠ አይደለም። በመጨረሻ ኤጲስ ቆጶሱ ሌላ መጋቢ አልሾመም፤ ከዐሥራ ሁለቱ ስድስቱ ሞቱ፥ ምትክም አልገባላቸውም፤ የቀሩትም 2 ፔኒዋን አጡ። ትሮሎፕ ይህን የተሐድሶ ፈላጊዎች ጥፋት አድርጎ ያሳያል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይመስልም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች ገንዘብ በሰበሰበ ጊዜ፥ ነቀፋ እንዳይገኝበት አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ከቲቶ ጋራ ልኮ ነበር። በባርቸስተር ግን ድኾቹ የሚያምኑት፥ ከመጋቢው ጋራ ሒሳቡን የሚያይ ሰው አልተሾመም። በክሱ ላይ አልፈርምም ያለው ታማኙ ሽማግሌ በንስ እንኳ ያመነው ሃርዲንግን ነበር፤ ሃርዲንግ ሲሄዱ ለእርሱም የቀረለት ነገር አልነበረም።