«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»

በአገራችን ከተሞች ወደ አንድ ሱቅ ጎራ ሲሉ ከባለሱቁ ሰላምታ በፊት የሚቀበልዎት ብዙውን ጊዜ የግድግዳ ጽሑፍ ነው። አንደኛው «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በቀይ ቀለም ጎላ ተደርጎ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ንግሥናው ገንዘቡ ተቆጥሮ መሳቢያ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብቻ መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ጽሑፍ ነው።

ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የብስክሌት ንግድ ነው። ሽንኩርት ሲገዙ አገላብጠው ያያሉ፤ ጨርቅ ሲገዙ ወደ ብርሃን አውጥተው ይዳብሳሉ። ብስክሌት ግን ቀለሙ ከውጭ፣ ጉድለቱ ከውስጥ የሆነ ዕቃ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው ተፈታትቶ በካርቶን ታሽጎ ሲሆን፣ የሚገጣጠመው እዚሁ፣ አንዳንዴ በባለሙያ፣ አንዳንዴም ሥራውን ገና በሚለማመድ ልጅ እጅ ነው። ኩሽኔታው ያለ ልክ ጠብቆ ቢታሰር ወይም ቅባት ሳይነካው ቢቀር፣ የጎማው ሽቦዎች እኩል ሳይወጠሩ ቢቀሩ፣ የፍሬኑ ገመድ ላልቶ ቢታሰር ይህን ሁሉ ገጣጣሚውና ሻጩ ያውቁት ይሆናል እንጂ ገዢው አያውቀውም። እርሱ የሚያውቀው ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ነው።

መንገዱም መንገድ ነው። ከዲላ ተነሥተው ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፈው ወደ ፍስሐ ገነት የተጓዙ አንባቢዎቻችን የጌዴኦን ምድር ያውቁታል። ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተያይዘው የሚበቅሉበት፣ ዩኔስኮም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዝናቡም ብዙ ነው። በደረቅ ጊዜ እንኳ የላላ የነበረ ፍሬን፣ የጎማው ብረት በዝናብ ሲርስ በዚያ ቁልቁለት ላይ ጨርሶ አይዝም። እንግዲህ እዚህ ላይ የገንዘብ ኪሳራ ትንሹ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ የሚወርደው ልጅ አለ።

አሁን አንድ ነገር ልብ ይበሉልን። በፍስሐ ገነት ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ለልጁ ብስክሌት የሚገዛበትን ገንዘብ የሚያገኘው ከቡናው ነው። ይህ ሰው ሻጭ ሆኖ ሲቀርብ ምን ይደረጋል? እሸት ቡናውን ተሸክሞ ከመረከቢያው ሲደርስ ጆንያው ይገለበጣል። አረንጓዴው ከቀዩ ይለያል፤ ያልበሰለው ተለቅሞ ይመለስለታል፤ ያደረ ከሆነም «አንቀበልም» ሊባል ይችላል። ቡናው ታጥቦና ደርቆ ሲሄድም ምርመራው አያበቃም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ባወጣው አሠራር፣ ለታጠበ ቡና ከመቶው 40 ነጥብ ለጥሬው ፍሬ፣ 60 ነጥብ ለስኒው ጣዕም እየተሰጠ ደረጃ ይወጣለታል። ጉድለት ያለበት ፍሬ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የኮቸሬ ቡና ከይርጋ ጨፌና ከወናጎ ቡና ተለይቶ በራሱ ስም የግብይት ምድብ ያገኘው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው። በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ገዢውን «ሳታይ ውሰድ» የሚለው የለም።

ፍተሻው ትክክል ነው፤ አንቃወመውም። ጥያቄያችን ግን ይህ ነው። ይኸው ገበሬ ከሰዓት በኋላ ገንዘቡን ይዞ ገዢ ሆኖ ሲመጣ ፍተሻው የት ገባ? ጎማውን አንሥቼ ላሽከርክረው ቢል «አዲስ እኮ ነው!» ይባላል። ፍሬኑን ደጋግሞ ቢጨብጥ «ካልገዛህ አትነካካ» ይባላል። ዋጋ ተከራክሮ ሳይገዛ ቢወጣ ከኋላው የሚወረወረው ቃል በዚህ መጽሔት ላይ የሚጻፍ አይደለም። ጠዋት የእርሱ ፍሬ አንድ በአንድ ተለቀመ፤ ከሰዓት በኋላ የሌላውን ዕቃ ማገላበጥ ለእርሱ ነውር ሆነበት። ቡናውን በዓይን በምላስ የፈተነች ከተማ ብስክሌቱን በመሐላ ልትሸጥለት ትፈልጋለች። የትችታችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ብዙዎቻችን ያ ቀይ ጽሑፍ ሕግ ይመስለናል። አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንዲሆን ያዛል። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ይህን መድን መቀነስ ቢችሉም፣ ሻጩ ጉድለቱን ሆን ብሎ ከደበቀ ስምምነቱ ዋጋ የለውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ነገሩን ወደ ሱቁ ባንኮኒ አምጥቶታል። ሸማቹ ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችልም ደንግጓል። የግድግዳው ቀለም ይህን ሊሽረው አይችልም።

ሱቁ የሙስሊም ሱቅ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ከእህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት ማግኘታቸውን፣ ባለቤቱ «ዝናብ ነክቶት ነው» ቢላቸው ለምን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዳላደረገው መጠየቃቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቱ ርጥቡን ከሥር፣ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ነበር። የብስክሌት ነጋዴም ፋብሪካው ላጎደለው አይጠየቅ ይሆናል፤ እያወቀ ቀለሙን ወልውሎ ፍሬኑን ዝም ካለ ግን ያው ክምር ነው። ፉቀሃዎቻችን «ኺያሩል ዐይብ» የሚሉት፣ የተሸሸገ ጉድለት ያገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብቱ፣ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ራሳቸው የጨርቅ ነጋዴ የነበሩት ኢማም አቡ ሐኒፋም፣ የንግድ ሸሪካቸው እንከን ያለበትን ጨርቅ እንከኑን ሳይናገር እንደሸጠ ባወቁ ጊዜ፣ ገዢውን ማግኘት ስላልተቻለ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ለሰደቃ እንደሰጡ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሊቃውንት ያወሳሉ። ልብ ይበሉ፤ ትርፉን ብቻ አይደለም፣ በሙሉ ነው።

ነጋዴውም የሚለው አለው፤ ሊደመጥ ይገባል። ዕቃውን ከመርካቶ በጅምላ ሲያመጣ ካርቶኑን እየከፈተ የሚያሳየው የለም፤ ተበላሽቶ ቢያገኘውም አከፋፋዩ አይመልስለትም። መጫኛና ማውረጃ ይከፍላል። በዚህ ላይ ሰርግ ሊታደምበት ብስክሌት ገዝቶ፣ ሰርጉ ካለፈ በኋላ «አልተመቸኝም» ብሎ ጭቃ የቀባውን የሚመልስ ገዢ አይጠፋም። ልጁ ከድንጋይ ጋር አጋጭቶት «ሲሸጥልኝ ጎባጣ ነበር» የሚልም አለ። እሸት ቡናውን ሲያቀርብ ቀዩን ከላይ፣ ጥሬውን ከሥር አድርጎ የሞላ ገበሬ ካለ እርሱም ከእህሉ ባለቤት አይለይም። በስሜቱ ተጸጽቶ ለሚመለስ ገዢ ነጋዴው ግዴታ የለበትም፤ ቢቀበለው «ኢቃላ» ነው፣ አጅር ያገኝበታል። ጸጸትና ጉድለት ግን ሁለት ልዩ ነገሮች ናቸው። ያ ቀይ ጽሑፍ የሚበድለው ሁለቱን አንድ አድርጎ መዝጋቱ ነው። አታላዩን ገዢ ለመከላከል ተብሎ የተታለለውም ከደጅ ይመለሳል።

እርስዎም የቤተሰብ ኃላፊ እንደመሆንዎ ለልጅዎ ብስክሌት ሲገዙ አይፈሩ። ሁለቱንም ጎማ ከመሬት አንሥተው ያሽከርክሩ፤ ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ከሆነ ሽቦው አልተወጠረም። ፍሬኑን ጨብጠው ወደፊት ይግፉት፤ ጎማው ከዞረ አልያዘም ማለት ነው። መሪውን ያዙሩ፤ ቢያንቀራጭጭ ኩሽኔታውን ይጠይቁ። ከሱቁ ደጃፍ ላይ ትንሽ ይነዳ። ከሁሉም በላይ ሻጩን በግልጽ፣ ሰው በተገኘበት «የምታውቀው ጉድለት አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁት። «ወላሂ የለውም» ለማለት የቸኮለውን ትንሽ ይጠርጥሩት፤ መሐላ ዕቃን ቢያሸጥም በረካን እንደሚያጠፋ ነጋዴው ራሱ ያውቃል። «የኋላው ፍሬን ላልቷል፣ ቆይ ላጥብቅልህ» ብሎ መፍቻ ያነሣ ሻጭ ካገኙ ደግሞ ዋጋው ጥቂት ከፍ ቢልም ከእርሱ ይግዙ፤ ጎረቤትዎንም ይላኩለት።

ደረሰኝ መቀበልንም አይርሱ። «ደረሰኝ ከፈለግህ ዋጋው ሌላ ነው» የሚለው አነጋገር በየከተማው የተለመደ ሆኗል። ገዢውም ጥቂት ብር ያተረፈ መስሎት ባዶ እጁን ይወጣል። በሳምንቱ ፔዳሉ ተነቅሎ ሲመለስ «ከእኔ መግዛትህን በምን አውቃለሁ?» ይባላል። ያን ጊዜ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትም የሚይዘው ማስረጃ ያጣል። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ሁለቱን ወገን አድምጠው ማስታረቅ ያውቁበታል፤ ቢሆንም እነርሱም ቢሆኑ የቃል በቃል ክርክር ያደክማቸዋል።

ባለሱቅ ለሆኑ አንባቢዎቻችንም አንዲት ቀላል ጥያቄ አለችን። ግድግዳው ላይ ካለው ጽሑፍ ሥር ጥቂት ቃላት ይጨመሩ፤ «ጉድለት ከተገኘበት ግን በ15 ቀን ውስጥ ይዘው ይምጡ» የሚል። ቀለሙ ያው ቀዩ ሊሆን ይችላል።