አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ቃል

መጽሐፍን የሚሰበስብ ሰው ሁሉ መጽሐፍን የሚያነብ አይደለም፤ የሚያነብም ሁሉ ያነበበው ቃል ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ አይደለም። ስለዚህ አንድን መጽሐፍ በልዩ ልዩ ዕትም ማከማቸት ለብዙዎች ከንቱ ድካም፣ ወይም ገንዘብ የተረፈው ሰው ጨዋታ መስሎ ይታያል። ይህ ነቀፌታ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ስሕተት ነው። እውነቱን ከስሕተቱ ለመለየት አንድ የታወቀ መጽሐፍ ወስዶ መመርመር ይበቃል።

በፈረንጆች ዘንድ «ፋንታሲ» የሚባል የልብ ወለድ ዓይነት አለ። ይህም በምድር ካርታ የማይገኝ አገርን፣ የሚናገሩ እንስሳትንና ዓይን ያላያቸውን ፍጥረታት እያነሣ የሚተርክ ነው። ከዚህ ወገን እጅግ ከተነበቡት አንዱ ሲ. ኤስ. ሉዊስ የጻፈው የናርንያ ታሪክ ነው። ሉዊስ በአየርላንድ ተወልዶ በኦክስፎርድ ያስተማረ፣ ስለ ክርስትና ሃይማኖትም አያሌ መጻሕፍት የጻፈ ሊቅ ነበረ። ከ1950 እስከ 1956 በፈረንጅ አቆጣጠር በየዓመቱ አንድ አንድ እያደረገ ሰባት ክፍል አሳተመ። በሰባቱም ውስጥ አስላን የሚባል አንበሳ ይመላለሳል፤ ስሙም በቱርክ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው።

እነዚህ ሰባት መጻሕፍት በመላው ዓለም ብዙ ጊዜ ታትመዋል፤ ሽፋናቸውም ሥዕላቸውም ተለዋውጧል። ነገር ግን የተለወጠው ልብሳቸው ብቻ አይደለም። አስቀድሞ በአሜሪካ ይታተም በነበረው ዕትም ላይ አንደኛ ተብሎ የተቈጠረው በ1950 የወጣው «አንበሳው፣ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» ነበረ። በ1994 በወጣው ዕትም ግን በ1955 የታተመው «የጠንቋዩ የወንድም ልጅ» የናርንያን አፈጣጠር ስለሚተርክ አንደኛ ተባለ፤ የቀድሞው አንደኛም ሁለተኛ ሆነ። ሉዊስ ራሱ በ1957 ለአንድ አሜሪካዊ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩን ዘመን ተከትሎ ማንበብን ወደደ፤ ቢሆንም የንባቡ ተራ ያን ያህል የሚያስጨንቅ እንዳልሆነ አመለከተ። የተራው ነገር ግን ቀላል አይደለም። አስቀድሞ አንበሳውን በወሬ ብቻ ሰምቶ፣ ፈርቶና ናፍቆ፣ በኋላ የሚያየው አንባቢ አለ፤ ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ አገርን በዝማሬ ሲፈጥር የሚያየው አንባቢም አለ። ፊተኛው ከልጆቹ ጋር ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ከልጆቹ ቀድሞ ያውቃል። ሁለቱ አንድ መጽሐፍ አንብበዋል ማለት አይቻልም።

ከተራው ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የቃሉ ልዩነት ነው። ይህን ለመረዳት በባሌ ደጋ ሁለት አንባቢዎች ይታሰቡ፤ አንደኛው በሮቤ የሚያስተምር መምህር፣ ሁለተኛው በጎባ የሚያገለግሉ፣ እንግሊዝኛም የተማሩ ቄስ ይሁኑ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም በ1952 የወጣውን ሦስተኛውን መጽሐፍ፣ የመርከቡን ጉዞ የሚተርከውን፣ ለልጆች ያነባሉ። በዚህ መጽሐፍ መርከቢቱ ወደ አንዲት የጨለማ ደሴት ትገባለች። በዚያች ደሴት ሕልም ሁሉ እውነት ይሆናል። መርከበኞቹ ይህን በሰሙ ጊዜ መጀመሪያ ይደሰታሉ፤ ነገር ግን እውነት የሚሆነው የቀን ምኞት ሳይሆን የሌሊት ቅዠት እንደ ሆነ ባስተዋሉ ጊዜ መቅዘፊያቸውን ይዘው ይሸሻሉ። በደሴቲቱ ብዙ ዘመን የኖረውን ሩፕ የተባለውን መኰንን ከውኃ ያወጡታል። መውጫው ጠፍቷቸው ሳለ ሉሲ የተባለችው ልጅ አስላንን ትለምናለች፤ በብርሃን ውስጥም መጀመሪያ መስቀል የመሰለ፣ ቀርቦ ሲታይ ግን አልባትሮስ የተባለ ታላቅ የባሕር ወፍ መጥቶ ይመራቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ አንባቢዎች ይስማማሉ። ከዚህ በኋላ ግን መምህሩ፦ «አባ፣ ደሴቲቱ እኮ ጠፋች፤ ዘወር ብለው ቢያዩ ሰማያዊ ባሕር ብቻ ነበረ» ይላል። ቄሱም፦ «የለም ልጄ፣ ጠፋች የሚል ቃል አላየሁም። ያ መኰንን በደሴቲቱ ያየውን ማንም እንዳይጠይቀው ለመነ እንጂ» ይላሉ። መምህሩ ደግሞ መኰንኑ የለመነው ወደዚያ ስፍራ እንዳይመልሱት ነው ብሎ ይከራከራል። እያንዳንዱም ባልንጀራው በችኰላ ያነበበ ይመስለዋል። ይህ ክርክር በቃል ቢቀጥል መጨረሻ የለውም፤ አንደኛው መጽሐፉን ይዞ ያን 14 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ገበታ ላይ ጎን ለጎን ቢገለጡ ግን ወዲያው ይፈታል። ሁለቱም እንዳነበቡት ነውና። በመምህሩ እጅ ያለው የእንግሊዝ ዕትም ነው፤ በቄሱ እጅ ያለው ከ1994 በፊት በአሜሪካ የታተመው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ በአሜሪካ ሊታተም የማረሚያው ወረቀት ወደ ሉዊስ በደረሰ ጊዜ ደራሲው አንዳንድ ስፍራ ቃሉን ለወጠ። በመጀመሪያው መጽሐፍ የጠንቋይቱ ሎሌ የሆነው ተኩላ በእንግሊዝ ማውግሪም፣ በአሜሪካ ፌንሪስ ኡልፍ ተባለ። የጨለማውን ደሴት መጨረሻም እንደ አዲስ ጻፈው። በእንግሊዙ ዕትም መርከበኞቹ ወደ ብርሃን በወጡ ጊዜ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ፣ ቀድሞም እንዳልነበረ ያስተውላሉ፤ ደሴቲቱም ከነጨለማዋ ትጠፋለች። በአሜሪካው ዕትም ግን ይህ ሁሉ ወጥቶ፣ ከክፉ ሕልም የነቃ ሰው በማለዳ የሚሰማው ደስታ በምሳሌነት ገባ፤ መኰንኑም ስላየው ነገር እንዳይጠየቅ ይለምናል። በ1994 አሳታሚዎቹ ሁሉንም ዕትም አንድ ሲያደርጉ የመረጡት የእንግሊዙን ቃል ነው። ስለዚህ ደራሲው በኋላ አስቦ ያረመው ቃል በዛሬው ዕትም ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው በአሮጌ ቅጂዎች ብቻ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? ለእንግሊዙ ዕትም የሚቆም ሰው ምክንያት አያጣም። ጨለማ በብርሃን ፊት መቆም እንደማይችል፣ አንዲት ልጅ በጸሎት ስትጠራው የመጣው ረዳት ሥራውን በከፊል እንደማይተው ያሳያል። ለሕፃናትም የሚያጽናና ነው፤ መጽሐፉ ተዘግቶ መብራት ሲጠፋ ያቺ ደሴት የትም የለችም።

ቢሆንም የታረመው ቃል ይበልጣል። የሚያስፈራ ነገር ቀድሞም አልነበረም ከተባለ፣ ያ መኰንን ብዙ ዘመን የተሠቃየው በምን ነበረ? የሉሲስ ልመና ከምን ለመዳን ነበረ? መከራውን ምንም ያልነበረ ያደረገ ደራሲ መዳኑንም ምንም እንዳልነበረ ያደርገዋል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚሄድ መንገደኛ ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በሳነቴ ሜዳ ላይ ያልፋል፤ ጉምም በወረደ ጊዜ ከፊት ያለው አይታይም። መንገደኛው ሜዳውን ጨርሶ ወደ ሐረና ጫካ ሲወርድና ፀሐይ ስትወጣለት ያመሰግናል እንጂ ጉም የሚባል ነገር በሳነቴ አልነበረም አይልም። ጉሙ ነገም ይወርዳል፤ የተለወጠው በውስጡ ያለፈው ሰው ነው። መኰንኑ ስላየው ነገር እንዳይጠየቅ መለመኑም ከዚህ ጋር ይስማማል። ብዙ ያየ ሰው ከዳነ በኋላም ዝም ሊል ይወዳል፤ ባልንጀሮቹም ይህን ዝምታውን ሲያከብሩለት ፍቅር ማለት እርሱ ነው። ይህ ሁሉ ትምህርት ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ለውጥ ውስጥ ይገኛል፤ የሚያገኘው ግን ሁለቱን ዕትም ያስተያየ ብቻ ነው።

ይህም የአንድ ደራሲ ብቻ ነገር አይደለም። የሉዊስ ወዳጅ የነበረው ጄ. አር. አር. ቶልኪን «ሆቢት» የሚባለውን መጽሐፍ በ1937 አሳተመ። በዚያ ዕትም ጎለም የተባለው የዋሻ ፍጡር በእንቆቅልሽ ውርርድ ከተሸነፈ ቀለበቱን ሊሰጥ በፈቃዱ ይስማማል። ቶልኪን ከዚያ በኋላ ሰፊውን የቀለበት ታሪክ ሲጽፍ ግን ያ ቀለበት ሰውን የሚያስር ክፉ ነገር ሆነ፤ እንዲህ ያለውን ማንም በፈቃዱ አይሰጥም። ስለዚህ በ1951 በወጣው ዕትም ያ ምዕራፍ ተለወጠ። ደራሲው ግን አሮጌውን ቃል አልካደም፤ ቀለበቱን ያገኘው ቢልቦ በመጀመሪያ የተናገረው ሐሰት ነበረ ብሎ የታሪኩ ክፍል አደረገው። እንግዲህ የ1937ቱን ዕትም የያዘ ሰው የያዘው ስሕተት ሳይሆን የአንድ ሰው ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። ይህን የመሰለ ጥበብ አዲሱን ብቻ ለሚያነብ ተሰውሮበታል።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ የመሰብሰብ ዓይነት አለ። በ1997 የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ በለንደን ሲታተም በጠንካራ ሽፋን የወጣው 500 ቅጂ ያህል ነበረ። በውስጡም ልጁ ለትምህርት እንዲገዛቸው ከታዘዙት ዕቃዎች መካከል አንዱ በስሕተት ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ይህን ዕትም ሰብሳቢዎች በእጅግ ከፍ ያለ ዋጋ ይገዙታል፤ ያም የተደገመ ቃል ዋጋውን ከሚያስወድዱት ምልክቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ይህ ስሕተት ለታሪኩ አንዳች አይጨምርም። የሚገዛውም ሰው ብዙ ጊዜ ገጹ እንዳይጨማደድ ፈርቶ አይገልጠውም። በመጀመሪያ የተጠቀሰው ነቀፌታ እውነት የሚሆነው በእንዲህ ያለው ሰብሳቢ ላይ ነው፤ መጽሐፉን እንደ ወርቅ ቀብሮታልና።

ዕትምን ከዕትም ማስተያየት ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። በእጅ በሚጻፍበት ዘመን ሁለት ቅጂ ፈጽሞ አንድ እንደማይሆን ሁሉ ያውቅ ነበር። የትርጓሜ ሊቃውንትም የአንዱ ቅጂ ንባብ ከሌላው ሲለይ ልዩነቱን አልሸሸጉትም፤ ይህን የሚል አብነት አለ እያሉ ሁለቱን አስተምረዋል። በድንቅ ተረትም ወገን ቢሆን የታላቁ እስክንድር ታሪክ ምስክር ነው። በግእዝ የተገኙት የእስክንድር ታሪኮች አንድ ሳይሆኑ ብዙ ናቸው። በአንደኛው ከግሪክ የተወረሰው ጀብደኛ ንጉሥ ይታያል፤ በሌላው ያው ሰው ንጽሕናን የሚወድ እንደ ክርስቲያን ያለ ንጉሥ ሆኗል። ዎሊስ በጅ እነዚህን በ1896 ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ በለንደን ሲያሳትም አንዱን መርጦ ሌሎቹን አልጣለም፤ በአንድ ላይ አኖራቸው። አንባቢም ተረቱ ከአገር ወደ አገር ሲሄድ ምን እንደ ለበሰ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ማተሚያ ከመጣ በኋላ ግን ይህ ልማድ ደከመ፤ የታተመ ሁሉ አንድ ነው የሚል እምነት ሰፈነ። በዘመናችን በአማርኛ በብዙ ሕዝብ ዘንድ የተነበበው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከሳይንስ ድንቅ ጋር ያገናኘ ልብ ወለድ ነው፤ በ2001 ዓመተ ምሕረት ከወጣ ጀምሮ ደጋግሞ ታትሟል፤ «ራማቶሐራ»ም ተከትሎታል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አስቀድሞ የሚቀደደው ሽፋኑና የፊተኛው ገጹ ነው። ይኸውም ስንተኛ ዕትም እንደ ሆነና መቼ እንደ ታተመ የተጻፈበት ገጽ ነው። እርሱ ከጠፋ ቅጂው አባቱን እንደማያውቅ ልጅ ይሆናል፤ ከሌላ ጋር አስተያይቶ ለመፍረድም አይመችም።

ስለዚህ ነገሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሮቤም ሆነ በጎባ መጻሕፍትን የሚያኖር ትምህርት ቤት ወይም የወጣቶች ማኅበር አዲስ ዕትም ሲያገኝ አሮጌውን አይጣለው፤ የፊተኛውን ገጽ ይጠብቅ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያኑር። ሁለት ተማሪዎች በአንድ መጽሐፍ ሲከራከሩም አንተ ተሳስተሃል ከመባባል በፊት በየትኛው ዕትም እንዳነበቡ ይጠያየቁ። በሺህ ቅጂ መካከል ቢቀመጥም ማስተያየትን ያላወቀ ሰው ያለው ወረቀት ነው፤ ሁለት አሮጌ ቅጂ ይዞ የሚያስተያይ ግን ደራሲው ሲያስብ፣ ሲጸጸትና ሲያርም በዓይኑ ያያል።