እምቢልታ መለከት ነውን?

ስለ መለከት በሙዚቃና በሥነ ጽሑፍ ከተጻፉት ጥናቶች አንዳንዶቹ እምቢልታንና መለከትን በአንድ አቻ ቃል ሲያጠቃልሉ እናያለን። ይህ ስሕተት ነው። መለከት የሚጮኸው በነፊው ከንፈር ንዝረት ነው፤ እምቢልታ ግን የጣት ቀዳዳ የሌለው ዋሽንት ነው፤ እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ በመሆኑ ዜማው የሚሟላው ሦስት ነፊዎች ሲፈራረቁ ነው። ሁለቱ በቤተ መንግሥት ሥርዓት ከነጋሪት ጋር መሰለፋቸው አንድ አያደርጋቸውም።

በሥነ ጽሑፍ ጉዳዩ ይብሳል። በዮሐንስ ራእይ ሰባቱ መላእክት የሚነፉትን «ጥሩምባ» ብንለው የእድር ለፋፊና የመኪና ድምፅ ይቀድመናል። የግእዙ «መጥቅዕ» ደግሞ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በባሕረ ሐሳብ ከአበቅቴ ጋር ተደምሮ 30 የሚሆን ቁጥር ሆኖ ነው፤ የሚነፋ መሣሪያ መሆኑን ስንቱ ያስታውሳል?

በአማርኛና በግእዝ መካከል እንኳ ስያሜው እንዲህ ከተዛነፈ፣ በእንጅባራ አቅራቢያ ወደ ዘንገና ወርዶ የአውኚ ቃላትን የሚሰበስብ ሰው «መለከትን ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ቢጀምር የአማርኛውን መደብ በአውኚው ላይ ይጭናል። በእኛ አስተያየት አስቀድሞ መሣሪያው ሲነፋ ይስማ፤ ከምን እንደ ተሠራ፣ ከንፈር እንዴት እንደሚያርፍበት፣ መቼ እንደሚነፋ ይመዝግብ፤ ስሙን ከዚያ በኋላ ይጠይቅ።