የፋይዳ የውስጥ ስፌት

ልብስ የሚያውቅ ሰው ሸሚዝ ሲገዛ ገልብጦ ስፌቱን ያያል። የኢትዮጵያን ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳንም፣ እንዲሁ ገልብጦ ማየት ደስ ይላል። ካርዱ ራሱ ብዙም አያስደንቅም፤ ፎቶ፣ ስም፣ ኪው አር ኮድ። ሙያው ያለው ከውስጥ ነው። ያንን ለመፈተን ደግሞ ከአዲስ አበባ ቢሮ ይልቅ ቆቦ ይሻላል፤ የዞብል ተራራ ከፊቱ የተገተረበት፣ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት የራያ ቆላ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ሲደርስ ስልክም ባንክም ተዘጋ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ለእንዲህ ያለ አገር ዲጂታል አገልግሎት የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው፣ መስመር ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለውን ነው።

ፋይዳ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ባንጋሎር ውስጥ ሲነደፍ ይህ ጥያቄ ታስቦበታል። መዝጋቢው የ10 ጣቶችን አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን አይሪስና የፊትን ምስል ሲወስድ ላፕቶፑ ከማዕከል ጋር መገናኘት አይጠበቅበትም። መረጃውን ጠቅልሎ፣ አመስጥሮ ያስቀምጠዋል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይልከዋል። ማዕከሉ ሰውየው ከዚህ በፊት አለመመዝገቡን አመሳክሮ ቁጥር ያወጣለታል። ከ7 ሺህ በላይ ደሴቶች ያሏት ፊሊፒንስም ብሔራዊ መታወቂያዋን የሠራችው በዚሁ ሞሲፕ ነው። ለባሕር ማዶ መንደር የሚበጀው ብልሃት ለቆላው ቀበሌም ይበጃል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ቁጥሩ ነው። የፋይዳ ቁጥር 12 አሃዝ አለው፤ ከነዚህ አንዱም ስለ ባለቤቱ ምንም አይናገርም። የትውልድ ዘመን የለበትም፣ ጾታ የለበትም፣ ክልል የለበትም። ሞሲፕ ቁጥር ሲያወጣ የመጨረሻውን አሃዝ ለማረጋገጫ ያስቀረዋል፤ ስሌቱ ሆላንዳዊው ያኮቡስ ቬርሁፍ በ1960ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የደረሰበት ነው። አንድ አሃዝ ቢሳሳት፣ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡ፣ ስሌቱ ሳይዘው አያልፍም። ወረፋው የረዘመበት፣ እጁ የደከመ ጸሐፊ 47ን 74 ብሎ ቢጽፍ የሌላ ሰው መዝገብ አይከፈትም። ይህን ያሰበ ሰው ጸሐፊን ያውቃል ማለት ነው።

ሙያ በተተወውም ይለካል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሚፈልገው መረጃ ጥቂት ነው፤ ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቅም። በድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚባል መስመር ነበር። አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ሲጋቡና ሲዋለዱ በኖሩበት በራያ፣ ያቺ መስመር በኬላ ላይ ምን ትመዝን እንደነበር ለአገሬው መንገር አያስፈልግም። የፋይዳ ነዳፊዎች ቦታውን እንኳ አላስቀሩላትም። ካርዱ ላይ የትውልድ ቀን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር መጻፉም ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሰባትና ስምንት ዓመት በመደመርና በመቀነስ ስንት ወረቀት እንደተበላሸ የሚያውቅ ግን አይንቀውም።

ሰነድ የሌለው ሰው ደግሞ በምስክር መመዝገብ ይችላል፤ ምስክሩ ራሱ ፋይዳ ያለው መሆን አለበት። ደም የሚደርቀው ዘወልድ በሚባሉት አስታራቂ ሽማግሎች ፊት በሚቆም ቃል በሆነበት በራያ ቆቦ ይህ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። የገበሬ አሻራም ታስቦለታል። ዕድሜ ልኩን ሞፈር የጨበጠ፣ ማሽላ ያጨደ እጅ መሣሪያው የሚያነበው መስመር ላይተርፍለት ይችላል። አይሪስ ግን በእርሻ አያልቅም።

ቅር የሚያሰኘኝ ከምዝገባ በኋላ ያለው ነው። ያለ ኔትወርክ የተመዘገበው ሰው ባንክ ሄዶ «እኔ ነኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው በስልኩ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ስልክ የሌላት የዞብል እናት የልጇን ስልክ ታስመዘግባለች፤ ልጁ ጂዳ ከሄደ፣ ቁጥሩ የሚደርሰው ጂዳ ነው።