ካሴት የሚቀዳ ጆሮ

ሐዋሳ ውስጥ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚቀዳ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው በጥጥና በአልኮል ነው። የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ ሲጠርገው ጥጡ ቡናማ ይሆናል። ቡናማው ነገር ተራ አቧራ አይደለም፤ ከክሩ ላይ የተራገፈ የብረት ዝገት ብናኝ ነው፤ ዘፈኑ የተቀረጸውም በዚሁ ብናኝ ላይ ነው። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ የደንበኛ ካሴት ቴፑ ውስጥ አይገባም።

ቀጥሎ ከሄዱ ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን ትመጣለች። የካሴት ክር ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ነው። ሄዱ ከክሩ ጋር ቀጥ ብሎ ካልገጠመ፣ ለዓይን የማይታይ ማጋደል እንኳ የጸናጽሉንና የማሲንቆውን ጥርት ያለ ድምፅ ያፍነዋል። ችግሩ ካሴቱ መጀመሪያ የተቀዳበት ቴፕ ራሱ አጋድሎ ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ ብሎኗ ለእያንዳንዱ ካሴት እንደ አዲስ ትስተካከላለች። ባለሙያው ብሎኗን በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ የዘፋኙን «ሰ» እና «ሸ» ያዳምጣል። እነሱ ከጉም የወጡ ያህል ሲጠሩ እጁን ያነሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ፍጥነቱ ነው። ቴፑ በ6 በመቶ ቢፈጥን ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል፤ የ30 ደቂቃው ገጽም ከ28 ደቂቃ ጥቂት አልፎ ያልቃል። ቤልቱ በላላ ቴፕ ደግሞ ዘፋኙ ይጎተታል። ኦርጋን ያለበትን ዘፈን ከኪቦርድ ጋር አስተያይቶ ማረም ይቻላል። ክራር ብቻ ሲሆን ግን ሥራው ይከብዳል፤ ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንጂ ለኪቦርድ አይደለምና። እዚህ ላይ ባለሙያውን የሚያግዘው የዘፋኙን ድምፅ ከሌሎች ሥራዎቹ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ዩቲዩብ ላይ ከተጫኑት የድሮ ዘፈኖች መካከል በፈጠነ ቴፕ የተቀዱ አሉ። በእነሱ ብቻ ያደገ አድማጭ የሚወደውን ድምፃዊ በትክክለኛ ድምፁ አያውቀውም።

«ዘፈኑ ስልኬ ላይ አለ፤ ካሴቱ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። መልሱ ከሙዚቃችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን አምሃ እሸቴ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሸክላም የድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። አምሃ እስከ 1975 ድረስ 100 ያህል ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አሳተመ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ ከዚያ ዘመን ሥራዎች ብዙዎቹን ለዓለም አዳረሰ። ከሸክላ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ግን ይህን ያህል ጠባቂ አላገኘም።

የሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችን ይዞ ብቻውን የቀዳው ካሴት እየተረሳ ሄዶ ነበር። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ አንዱን ቅጂ ባሕር ዳር ላይ አገኘና በ2013 ዳግም አሳተመው። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ የነበረው ሙዚቀኛ ወደ መድረክ ተመለሰ። ዛሬ በየመተግበሪያው የሚደመጠው ያ ሥራ መንገዱን የጀመረው አንድ ሰው ሳይጥለው ካቆየው ካሴት ነው።

ሐዋሳ ላይ ጉዳዩ የባሰ አጣዳፊ ነው። በየቤቱ ካሉት ካሴቶች መካከል የሰርግ ዘፈን፣ የፍቼ ጨምበላላ ጭፈራ፣ በሲዳምኛና በወላይትኛ የተዘፈነ የመንደር ዘፈን ይገኛል። እነዚህን የትኛውም መተግበሪያ አያመጣቸውም፤ ሁለተኛ ቅጂ የሌላቸውም አሉ። ሐይቁ ዳር ያለ ቤት እርጥበት ክሩን ያሻግተዋል፤ መስኮት ሥር የተቀመጠውን የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ያጣምመዋል።

«ልጄ፣ ከቀዳኸው በኋላ እዚያው ጣለው» ይላሉ አንዳንድ እናቶች።

«አይ እማማ፣ ፍላሹ ቢበላሽ በምን እንመለሳለን?» ይላል ባለሙያው፤ ካሴቱንም በልባሱ አድርጎ ይመልስላቸዋል።

ይህ ማለት ለአዲስ ዘፈን ካሴት ይመለስ ማለት አይደለም። ከካሴት ወደ ካሴት፣ በኋላም ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ የተደረገው ሕገ ወጥ ቅጂ አርቲስቱን ባዶ እጁን አስቀርቶታል። ሙዚቀኞቹ ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ እ.ኤ.አ. በ2019 «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ይዘው የመጡት ለዚህ ነበር። አዲስ አልበም የሚወድ ሰው በመተግበሪያ ከፍሎ ቢሰማ ለሙዚቀኛው ይበጃል። የቤት ካሴትን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚጠብቀው የለም።

የአንድ ሰዓት ካሴት ሳይጨመቅ፣ በዌቭ ሲቀመጥ 635 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ኤምፒስሪ ከዚያ ላይ ቢወጣ ይሻላል። መብራት ሲዋዥቅ ሞተሩም ሊዋዥቅ ስለሚችል መብራቱ ረጋ ያለበትን ሰዓት መጠበቅ ያዋጣል። ካሴቱ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከስፒከር ማግኔትም ይራቅ። ከጀርባው ያሉት ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ካልተሰበሩ በስህተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ይሰበሩ። ልባሱም ፎቶ ይነሳ፤ ጊታሩን ማን እንደመታ፣ ግጥሙን ማን እንደጻፈ ብዙ ጊዜ ከዚያ ሌላ የትም አይገኝም።