አረንጓዴ ውሃ የሚያጠራው ቱቦ

የዓሣ ገንዳን አረንጓዴ ውሃ የሚያጠራው ዕቃ ከውጭ ሲያዩት ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ርዝመቱ ከክንድ ያንሳል። በአንዱ ጫፍ ውሃ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ቆቡን ሲፈቱት ሦስት ነገሮች ተራ በተራ ይወጣሉ፦ የጎማ ቀለበት፣ አንድ ጫፉ የተደፈነ የኳርትዝ ቱቦ፣ በእሱም ውስጥ ከመሃሉ ታጥፎ የተመለሰ ባለ 9 ዋት አምፖል። የዕቃው ብልሃት ግን በእነዚህ መካከል በተተወው ክፍተት ነው።

አምፖሉ ከቢሮ ፍሎረሰንት ጋር አንድ ዘር ነው። ሁለቱም እጅግ ጥቂት ሜርኩሪ ይይዛሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ተኑ ያበራል። ከብርሃኑ አብዛኛው 253.7 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ነው፤ ዓይን አያየውም። በፍሎረሰንቱ ውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ይህን ብርሃን ውጦ የሚታይ ብርሃን ያወጣል፤ ያመለጠውን ተራው መስተዋት ያስቀረዋል። ይህኛው አምፖል ግን ዱቄት የለውም፤ መስተዋቱም ይህን ብርሃን እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው። ከ9 ዋቱ ሩብ ያህሉ አልትራቫዮሌት ሆኖ ይወጣል። ሲበራ የሚታየው ፈዛዛ ሰማያዊ ትርፉ ነው፤ ዋናው ሠራተኛ አይታይም።

አልትራቫዮሌት ከፀሐይም ይመጣል፤ እንደ መርጡለ ማርያም ባለ የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ፀሐይ ቆዳ ታቃጥላለች። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ይበረታል። 253.7 ናኖሜትሩ ግን እዚያም አይደርስም፤ የኦዞን ሽፋን ከላይ ያስቀረዋል። ምድር የሚደርሰው ብርሃን አልጌን ይመግባል፤ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ ጥቂት ቀናት ፀሐይ ካገኘ ውሃው ሊያረነጉድ ይችላል። የብርሃንን ምርት በትልቁ ለማየት ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ አለ። ተመራማሪው ጄ. ኤፍ. ታሊንግና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የፎቶሲንተሲስ ጣሪያ የት ድረስ እንደሆነ ለማሳየት ማስረጃ ካደረጓቸው ሐይቆች አንዱ ነው።

በገንዳ ውስጥ ውሃ የሚያረነጉዱት ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች የሚሊሜትር ጥቂት ሺህኛ ብቻ ናቸው። የማጣሪያው ስፖንጅ አይዛቸውም። ቱቦው ግን መያዝ አያስፈልገውም። የአምፖሉ ብርሃን ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ በዲኤንኤው ላይ ጎን ለጎን ያሉ ታይሚን የተባሉ ክፍሎችን ያጣብቃቸዋል። በቂ ብርሃን ያገኘ ሕዋስ መባዛት ያቅተዋል።

በቂ ብርሃን እንዲያገኝ ነው ክፍተቶቹ የተለኩት። የመጀመሪያው በአምፖሉና በኳርትዙ መካከል ያለው አየር ነው። አምፖሉ ብዙ አልትራቫዮሌት የሚሰጠው ገጹ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው። የዓሣው ውሃ 25 ዲግሪ ቢሆንና በቀጥታ ቢነካው ያበርደዋል፤ አየሩ ሙቀቱን ይጠብቅለታል። ሁለተኛው በኳርትዙና በውጪው ግድግዳ መካከል ያለው የውሃ መተላለፊያ ነው። አረንጓዴ ውሃ ራሱ ብርሃኑን ይውጠዋል። ስለዚህ ውሃው ኳርትዙን ከቦ በስሱ እንዲያልፍ መንገዱ ይጠባል። ጥበቱ ግን ውሃውን የሚገፋውን ፓምፕ እስኪያንቅ አይደርስም።

ሦስተኛው ልክ ጊዜ ነው። ፍሰቱ በእጥፍ ቢጨምር እያንዳንዱ ጠብታ በብርሃኑ ፊት የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሊትር ገንዳ ላይ በሰዓት 100 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ቢገጠም፣ በአንድ ሰዓት ሁሉም ውሃ አልፏል ማለት አይደለም። ያለፈው ካላለፈው ጋር ይቀላቀላል። በደንብ በሚቀላቀል ገንዳ በአንድ ሰዓት 63 በመቶ ያህሉ፣ በሦስት ሰዓት 95 በመቶው ቢያንስ አንዴ ያልፋል። ውሃው ግን ያኔውኑ አይጠራም። የተመታው አልጌ እስኪሞትና ተቋጥሮ ስፖንጁ ላይ እስኪያዝ ቀናት ይወስዳል። በእነዚያ ቀናት ስፖንጁ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት፤ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል፣ አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይጎዳል።

የጎማ ቀለበቷ ትንሽ ናት፤ ኃላፊነቷ ግን ውሃን ከኤሌክትሪክ መለየት ነው። ቆቡ ሲጠብቅ ኳርትዙን ዙሪያውን እኩል ታቅፈዋለች። ጠማማ ከገባች ታንጠባጥባለች፤ ከልክ በላይ ከጠበቀች ኳርትዙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ኳርትዙን በባዶ እጅ የያዘ ሰው የጣቱን ቅባት በአልኮል ይጠርጋል። ከውሃው የተጋገረውን ነጭ የኖራ ንጣፍ የሎሚ ጭማቂ ያስለቅቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ነው፤ ብርሃኑ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። መብራቱ መሥራቱ የሚታየው በአንዲት ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ መስኮት በኩል ነው፤ ሰማያዊውን ታሳልፋለች፣ አደገኛውን ታስቀራለች።

ቱቦው የሚገዛው በውስጡ የሚያልፈውን ብቻ ነው። በገንዳው መስተዋትና ድንጋይ ላይ የተለጠፈው አልጌ አይነካም። አልጌውን የሚመግቡት ናይትሬትና ፎስፌትም በውሃው ውስጥ ይቀራሉ፤ እነሱን የሚቀንሰው ውሃ መቀየርና ምግብ መመጠን ነው። አምፖሉም ያረጃል። ከ8,000 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ማለትም ያለማቋረጥ ከበራ በ11 ወር ያህል፣ የሚሰጠው አልትራቫዮሌት ብዙ ይቀንሳል፤ ሰማያዊው ግን ዛሬም እንደ ድሮው ይበራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት ዓይኑን አያምንም፤ አዲስ አምፖል ሲያስገባ ቀኑን በማርከር ቱቦው ላይ ይጽፋል።